መስማት የተሳናት ልጄ በስልክ ያገኘቻትን ጓደኛ በአካል ልታያት ትፈልጋለች፤ ልፍቀድላት?

የዲላው አባት፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ17 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። የምንኖረው ዲላ ነው፤ እኔ ቡና ነጋዴ ዘንድ ሒሳብ እይዛለሁ። ልጄ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የምልክት ቋንቋ በሚያውቁ መምህርት እጅ፣ እንደ እርሷ ካሉ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተምራለች። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ እዚህ ግን አስተርጓሚ የለም። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ትገለብጣለች፤ መምህሩ በቃል ያስረዳው ሁሉ ያልፋታል። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ተሰብስበው ሲያወሩ እርሷ ጥግ ይዛ ትቆማለች።

አምና አጎቷ ስልክ ገዛላት። ብዙ ሳትቆይ ቴሌግራም ላይ መስማት የተሳናቸው ወጣቶች የሚገናኙበት ቡድን ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ የማላውቃት ልጅ ቤቴ ውስጥ አለች። ማታ ራት ከተበላ በኋላ ስልኩን በስኳር ዕቃው ላይ ታስደግፍና በሁለት እጇ ታወራለች፤ ትስቃለች፤ ትከራከራለች፤ ታኮርፋለች። ከጎኗ ተቀምጬ ከምትለው ከአሥሩ አንዱን አልይዝም። እኛ ከእርሷ ጋር የምንግባባው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤት ውስጥ በለመድናቸው ምልክቶች ነው፤ ብይ፣ ነይ፣ ውሃ ቅጂ፣ እናትሽ ገበያ ሄዳለች። በእነዚህ ስለ ሰው ጠባይ ወይም ስለ ነገ ሐሳብ መነጋገር አይቻልም።

አሁን የመጣው ጉዳይ ይህ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከሁሉም አብልጣ የምታወራት አንዲት ልጅ አለች፤ በአንድ ዓመት ትበልጣታለች፤ ሻሸመኔ ነው የምትኖረው። እርሷም አትሰማም። በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሐዋሳ ላይ ልንገናኝ ነው ብላ ልጄ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። እናቷ አይሆንም ባይ ናት። ቤታችን ገብታ ቡና ያልጠጣች፣ እናቷን የማናውቃት ልጅ እንዴት ጓደኛ ትባላለች ትላለች። የእኔ ልብ ለሁለት ተከፍሏል። እንዳልፈቅድ ፈራሁ፤ ብከለክላት ደግሞ በምትኩ የምሰጣት የለኝም። እንዲህ በስልክ የተጀመረ ጓደኝነት ይጸናል? ከወዲያ ያለችው ማን መሆኗን በምን አውቃለሁ? በተለይ መስማት የተሳናችሁ ወይም እንደ ልጄ ያለ ልጅ ያሳደጋችሁ ብትመክሩኝ እወዳለሁ።


እናት ከአዳማ፦

ወንድሜ፣ ብቻዋን አይላኳት። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ምክሬ ይህ ነው።

የእኔም ልጅ አይሰማም፤ እንጨት ቤት ይሠራል። አንዲት ልጅ ነኝ፣ እኔም አልሰማም የሚል ሰው በጽሑፍ ይጻጻፈው ነበር። ፎቶ ይልካል፤ ቪዲዮ ላይ ግን አይወጣም። ዛሬ ስልኬ ተሰብሯል፣ ነገ መብራት የለም፣ ከነገ ወዲያ ዘመድ ቤት ነኝ። ከዚያ እናቴ ታማለች ተባለና ልጄ ከደመወዙ ያጠራቀመውን ላከ። ከላከ በኋላ ሰውዬው ጠፋ። ሴት ይሁን ወንድ፣ ይስማ አይስማ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ገንዘቡ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ልጄ ከዚያ በኋላ ለወራት ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ አስቀመጠው፤ ከእውነተኞቹ ጓደኞቹ ጋር እንኳ መገናኘት ተወ። ልጆቻችን የሚያናግራቸው ሰው ሲያገኙ እስከ መጨረሻው ያምናሉ። ይህን የሚያውቁ ክፉዎች አሉ። የሻሸመኔዋ ልጅ በቪዲዮ የምትታይ ከሆነ ከእኛ የተሻለ ጅምር ነው፤ ቢሆንም እናቷን ሳያነጋግሩ አንድ እርምጃ አይሂዱ።


ልብስ ሰፊዋ ከሐዋሳ፦

ጋሼ፣ እኔም አልሰማም። በዘጠኝ ዓመቴ ማጅራት ገትር ታምሜ ከዳንኩ በኋላ መስማት ቀረ። አማርኛን ግን አስቀድሜ በአፌ ስለያዝኩት እጽፋለሁ። ሳይሰሙ የተወለዱት ጓደኞቼ አብዛኞቹ እንዲህ ረጅም ነገር ለመጻፍ ይቸገራሉ፤ ሐሳብ አጥተው ሳይሆን አማርኛን አንድ ቀን እንኳ ሰምተውት ስለማያውቁ ነው። ልጅዎ በእጇ ብትነግርዎ ኖሮ ትነግርዎ የነበረውን እኔ በጽሑፍ ልሞክረው።

ጓደኝነቱ ይጸናል ወይ ብለው ጠይቀዋል። ለሚሰማ ወጣት ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። እርሱ ሰፈር አለው፣ የክፍል ጓደኛ አለው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ አለው፤ በስልክ ያገኘው ሰው በእነዚህ ላይ የሚጨመር ነው። ልጅዎ ግን የሚጨመርበት የላትም። ዲላ ውስጥ በእርሷ ዕድሜ ያሉ፣ የምልክት ቋንቋን በደንብ የሚያውቁና ያሰበችውን ሁሉ የምታወራቸው ልጆች ስንት ናቸው? እርስዎ ራስዎ ከአሥሩ አንዱን አልይዝም ብለዋል። ስለዚህ ስልኩ ከእናንተ የወሰዳት አይምሰልዎ። ሙሉ ቋንቋዋን ይዛ የምትገባበት ሌላ በር አልነበራትም።

አንድ አዲስ ልጅ ቡድን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ልንገርዎ። መጀመሪያ የሚጠየቀው የት እንደተማረ ነው። ሆሳዕና ካለው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት? አዲስ አበባ መካኒሳ ካለው? ወይስ እንደ ልጅዎ በአንድ ከተማ ልዩ ክፍል ውስጥ? አብዛኞቻችን የተወለድነው ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ ቋንቋችንን የምናገኘው ከትምህርት ቤት ግቢ፣ ከአዳሪ ቤት መኝታ ክፍል፣ ከትልልቆቹ ተማሪዎች እጅ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ከታወቀ የማን ታናሽ፣ የማን የክፍል ጓደኛ እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያ እገሌን ታውቃታለህ፣ እገሌስ ተብሎ ሁለትና ሦስት ሰው ሳይታለፍ የጋራ ሰው ይገኛል። ከወዲያ ያለችው ማን መሆኗን በምን አውቃለሁ ላሉት አንዱ መልስ ይህ ነው። የእኛ ዓለም ጠባብ ነው። የሻሸመኔዋ ልጅ የት እንደተማረችና ማን እንደሚያውቃት ልጅዎ መናገር ትችላለች። ማንም የማያውቃት፣ የትም ያልተማረች ከሆነች ያን ጊዜ ይጠንቀቁ።

ከዚያ የምልክት ስም ይመጣል። ስማችንን በየጊዜው በጣት ፊደል እየዘረዘርን አንጠራራም፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ምልክት ይወጣለታል። ያን ስም ለራሱ የሚያወጣ የለም። ጓደኞቹ አይተውት፣ አመሉን አጥንተው ያወጡለታል። የእኔ ስም መርፌ በከንፈሬ የምይዝበት ሁኔታ ነው፤ ያወጣችልኝ ሆሳዕና የምትኖር፣ ያን ጊዜ በአካል አይታኝ የማታውቅ ጓደኛዬ ናት። በቪዲዮ ስናወራ ሥራ ስለማላቋርጥ ያን ታይ ነበር። ልጅዎ የምልክት ስም እንዳላትና ማን እንዳወጣላት ይጠይቋት። መልሱ ስለ ጓደኞቿ ብዙ ይነግርዎታል።

ስለ ስኳር ዕቃው የጻፉት እኔንም አስታወሰኝ፤ ሁላችንም ቤት አንድ ስልክ የሚደገፍበት ዕቃ አለ። ስልክ በአንድ እጅ ይዞ በአንድ እጅ ማውራት ይቻላል፤ ግን ነገሩ ይጎድላል። ቴሌግራም ላይ ያለው ክብ ቪዲዮ ከ60 ሰከንድ አያልፍም፤ በዚያ ላይ ክቡ እጃችንን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ቁም ነገር ያለው ሰው ስልኩን አስደግፎ፣ ራቅ ብሎ ተቀምጦ በተለመደው ቪዲዮ ቀርጾ ይልካል። መብራት ሲጠፋ ወሬያችን ይቋረጣል፤ በጨለማ እጅም ፊትም አይታይም። ፊት ደግሞ ከእጅ አያንስም፤ ያው ምልክት በቅንድብ ጥያቄ ይሆናል፣ በከንፈር ደግሞ ሌላ። ኔትወርክ ሲደክምም እንቸገራለን። በጣት ፊደላችን የጣቶቹ ቅርጽ ፊደሉን ያሳያል፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ መሆኑን የሚለየው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። ምስሉ ሲቆም ለ ይሁን ሉ ይሁን አይታወቅም፤ ደግመሽ ንገሪኝ ማለት ነው፤ እንደገና ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚሰማ ወጣት በትንሽ ፓኬጅ ሲጻጻፍ ይውላል። የእኛ ወሬ ቪዲዮ ስለሆነ ፓኬጁን ይጨርሰዋል። አንዲት ልጅ ከምሳዋ ቀንሳ የገዛችውን ፓኬጅ በልጅዎ ላይ ከጨረሰች፣ ብርሃን ፈልጋ ደጅ ከወጣች፣ የተቆራረጠውን ደጋግማ ከጠየቀች፣ ያ ለእኔ የጓደኝነት ማረጋገጫ ነው። ቀልደኛ ሰው እስከዚያ አይደክምም።

በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ፌስቡክ ተገድበው የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ? ቪፒኤን ነበረን፤ ነገር ግን በእርሱ በኩል ቪዲዮ አይሄድም ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ከቡድኑ ውስጥ ብዙ ሰው ጠፋብኝ። የሆሳዕናዋ ጓደኛዬ ግን መጻፍ እየከበዳት በስልክ መልእክት ትጽፍልኝ ጀመር። «እኔ ሐዋሳ መጣ ቅዳሜ አንቺ ቤት አለ?» የሚለው መልእክቷ አሁንም አለኝ። ቃላቱን የደረደረችው እጇ በሚሄድበት ቅደም ተከተል ነው። መጣችም። መናኸሪያ ላይ ስንተያይ እንደ አዲስ መተዋወቅ አላስፈለገንም፤ ሳንደርስ ከሩቅ ጀምረን እናወራ ነበር።

ሌላም ልጨምር። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ባለሙያዋ የምትለውን አላውቅ፣ የምጽፈውን እርሷ አንብባ ለመመለስ ጊዜ የላትም። ለጓደኛዬ በቪዲዮ ደወልኩ፤ መስማት የምትችል እህት አለቻት፤ ያቺ እህቷ ከሆሳዕና ሆና ባለሙያዋ ስትናገር እየሰማች በምልክት ነገረችኝ፤ እኔ የምለውን ደግሞ በድምፅ ነገረቻት። አለርጂ እንዳለብኝ የተናገርኩት በዚያ መንገድ ነው። እናትየዋ ቤቴ ገብታ ቡና ያልጠጣች እንዳሉት፣ ያቺ እህት እስከ ዛሬ የቤቴን ቡና አልጠጣችም።

እናት ከአዳማ ያሉትን አንድም ቃል አልቀንስም። በቪዲዮ የማይታይ ሰው መስማት የተሳነኝ ነኝ ቢል አይታመን፤ እኛ በጽሑፍ መቆየት የምንወድ ሰዎች አይደለንም። ነገር ግን እጅ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ከእኛም መካከል የሚዋሽ አለ፤ ልጆችን ለሥራ ውጭ አገር እልካለሁ እያለ የሚያታልልም በምልክት አቀላጥፎ የሚያወራ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ሰውነትሽን አሳዪኝ የሚል፣ ለቤተሰብሽ አትንገሪ የሚል፣ ከእነዚህ አንዱ ካለ ጓደኛ አይደለም። ልጅዎ ይህን ታውቅ እንደሆነ ይጠይቋት፤ በቤት ምልክት ካልሆነ በአስተርጓሚ ይጠይቋት።

ስልኳን ግን አይንጠቁባት፤ ተደብቀውም አይፈትሹ። ለእርሷ ስልክ መንጠቅ አፏን በእጅ እንደ መክደን ነው። ከዚያ ይልቅ ምሽት ላይ ከስኳር ዕቃው ፊት ከጎኗ ይቀመጡና ለጓደኛዋ ሰላምታ ይስጧት። ልጅቱ እናቷን ጠርታ ካሳየች፣ ቤቷን ካሳየች፣ ጥያቄዎን ካልሸሸች ብዙው ነገር ይቀላል። እናቶቹ ደግሞ የሚሰሙ ከሆነ በድምፅ ይነጋገሩ።

አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ይህ ከሐዋሳው ጉዞ ይበልጥብኛል። ቋንቋዋን ይማሩ። አባቴ ጥበቃ ነበር፤ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የተማረው የጣት ፊደል ብቻ ነው፤ ተረኛ በሆነበት ሌሊት ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ሥዕል እያየ ይለማመድ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ይፈጅበት ነበር፤ እኔም እጠብቀው ነበር። ለጋብቻ የጠየቀኝን ቤተሰብ ልጅ አልወድም ብዬ የነገርኩት በእነዚያ ፊደሎች ነው። ሰምቶኝ ለሽማግሌዎቹ እንቢ አለ። ልጅዎ ዛሬ የልቧን የምትነግራቸው ሰዎች ሁሉ ስልክ ውስጥ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ እርስዎ መሆን ይችላሉ፤ ቤቱ ውስጥ አሉና።


መምህሩ ከአርባ ምንጭ፦

የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር ነኝ። ልብስ ሰፊዋ የጻፈችውን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ሁለት ነገር ልጨምር፣ በአንዱ ደግሞ ልለይ።

አባት ሆይ፣ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አማርኛን በእጅ መናገር አይደለም። ከአሜሪካ የመጡ ሚሲዮናውያን መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የአገራቸውን ምልክት ይዘው መጡ፤ እርሱ ከዚህ አገር ልጆች ምልክት ጋር ተዋሕዶ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ሆኗል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምረዋል። የጣት ፊደል መልካም መነሻ ነው፤ ነገር ግን ልጅዎ ሳትሰማ ስለተወለደች በፊደል ተዘርዝሮ የሚመጣ አማርኛ ሊከብዳት ይችላል። ከፊደሉ አልፈው ምልክቶቹን ይማሩ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ቢጠይቁ የት መማር እንደሚችሉ ይመሩዎታል፤ ስለ አስተርጓሚውም ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተጠየቀ ነገር ይረሳል።

ሁለተኛው፤ እኔ ማስተማር በጀመርኩበት ዘመን ተማሪዎቼ ከሩቅ ለመገናኘት የነበራቸው የስልክ ጽሑፍ መልእክት ብቻ ነበር። ከ1997 ምርጫ በኋላ እርሱም ተቋርጦ እስከ ሚሊኒየሙ ድረስ ቆየ። እኛ እንደዋወል ነበር፤ ለእነርሱ ግን ስልኩ ዕቃ ብቻ ሆነ። ትምህርት ቤት ጨርሰው ወደየአገራቸው የተበተኑ፣ የወንድማማች ያህል የሚዋደዱ ልጆች እንደተበተኑ ቀሩ። አንዱ ተማሪዬ ጓደኛው መሞቱን የሰማው ዓመት አልፎት ነው። ስለዚህ አሁን ልጆቹ ሌሊት ስልክ ላይ ሲያወሩ ሳይ መቆጣት ያቅተኛል።

የምለየው እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን ሲያወሩ የሚያድሩ ተማሪዎች ጠዋት ክፍል ውስጥ ዓይናቸውን መግለጥ ይሳናቸዋል። የሚሰማ ተማሪ ዓይኑን ከድኖም በጆሮው የሚይዘው አይጠፋም፤ የእኔ ተማሪ ዓይኑን ከከደነ ትምህርቱ አለቀ። የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ሰዓት ይወሰን፤ ከቻሉ የቀን ፓኬጅ ይግዙላት። ደግሞም ከጎኗ የምትቀመጠዋን፣ ደብተር የምታውሳትን ልጅ አይርሷት። እንዲህ ያለች ልጅ ጥቂት ምልክት ብትማር የክፍሉ ኑሮ ይለወጣል። የስልኩ ጓደኝነት ለዚህ ቦታ መተው አለበት ባይ ነኝ።


ልብስ ሰፊዋ ከሐዋሳ፦

መምህር፣ በእንቅልፉ እስማማለሁ። ደብተር የምታውሰው ልጅ ላይ ግን፣ ምልክት መማሩ የእርሷ ፈቃድ ነው፤ ልጅቱ እስክትፈቅድ ድረስ የእርሳቸው ልጅ ጥግ ይዛ አትጠብቅ። ሁለቱም አብረው ይሂዱ።


የዲላው አባት፦

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ልጄን የምልክት ስምሽ ማን ነው ብዬ በወረቀት ጠየቅኳት። ለጥቂት ጊዜ ወረቀቱን ስታይ ቆየችና ሁለት ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ ወደ ጎን ሳበቻቸው። ሳስብ የማደርገው ነው ብላ ጻፈች። እውነት ነው፤ ስታስብ አገጯን እንዲያ ትዳስሳለች፤ እኔም እናቴም ይህ አመል አለን። ያወጣችላት ያቺው የሻሸመኔዋ ልጅ ናት። ጓደኛዋ የተማረችበትን ትምህርት ቤትና ሁለቱንም የሚያውቋቸውን ሁለት ልጆች ነገረችኝ።

ትናንት ማታ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ጓደኛዋ አየችኝና እናቷን ጎትታ አመጣቻት። ሴትዮዋ እንጀራ ጋግረው የሚያከፋፍሉ ናቸው፤ እጃቸው ሊጥ እንደያዘ ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ተቀበለችኝና ወሬው ከእኔ እጅ ወጣ። እርሳቸውም ልጄ ማን ጋር ነው የምታወራው እያሉ ሲጨነቁ ኖሯል። አይሆንም ስትል የነበረችው ሚስቴ አሁን የምትጠይቀኝ ምን ይዘን እንሂድ የሚለውን ነው።

ቅዳሜ አብሬያት እሄዳለሁ። ልብስ ሰፊዋ ልጄ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ሁለቱ በእጃቸው ሲያወሩ እኔ መካከላቸው ምን ሆኜ ልቀመጥ? የማላውቀውን ቋንቋ እያየሁ ደስታቸውን እንዳላበላሽ እሰጋለሁ።


ልብስ ሰፊዋ ከሐዋሳ፦

ጋሼ፣ ደስ ብሎኝ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አሳየኋቸው።

አሞራ ገደል ውሰዷቸው። ሐይቁ ዳር ነው፤ ብርሃን አለ፤ ሰው ስለሚበዛ እርስዎም አይሰጉም። ልጆቹ ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ ፀሐይ ከአንዷ ጀርባ ከሆነ ፊቷ ጥቁር ሆኖ ስለማይታይ ቦታ ሲመርጡ አይቅደሟቸው፣ እነርሱ ይመርጡ። እርስዎ መካከላቸው አይቀመጡ፤ በጎን በኩል፣ የሁለቱም እጅ በሚታይዎ ቦታ ይሁኑ። ምን አለች፣ ምን አለች እያሉ በየደቂቃው አይጠይቁ። አንድ የገባዎ ምልክት ካለ መልሰው ያሳዩዋቸው፤ ይስቃሉ፤ ያርሙዎታል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ራሳቸው ያስተምሩዎታል። ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ይያዙ።

ልጅዎን ሲጠሯት ከኋላ ድንገት አይያዟት፤ ጠረጴዛውን መታ ያድርጉ ወይም እጅዎን ያወዛውዙ። በሚያወሩት መካከል ማለፍ ካለብዎ ዝም ብለው ይለፉ፤ ቆመው ይቅርታ ሲሉ ነው የምትጋርዷቸው።

ምሳው ረጅም ይሆናል። በእጃችን እየበላን በእጃችን ስለምናወራ ዓሣው እስኪበርድ መቆየቱ የታወቀ ነው፤ ብሉ ብለው አያጣድፏቸው። ከዲላ ሐዋሳ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሳይመሽ ቤትዎ ለመድረስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መነሣት ይበቃዎታል፤ ሰዓቱን አስቀድመው ለሁለቱም ጽፈው ይስጧቸው፤ ስንብታችን አያልቅምና ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድመው ስንብቱን ያስጀምሯቸው። ባለቤትዎም ቢመጡ መልካም ነው። የሻሸመኔዋ እናት ብቻቸውን ከመጡ ከእርስዎ ጋር አፍረው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ እናቶች ከተገናኙ ግን እርስዎ ልጆቹን ለማየት ጊዜ ያገኛሉ። ቅዳሜ ገበያ ስለሚበዛ ዓሣውን ከ6 ሰዓት በፊት ይዘዙ።